ከደን ማኅበረሰብ ጋር የምርምር አጋርነት እንዴት ይመሠረታል? ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ደኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በካፋ፣ በሸካ፣ በቤንች ሸኮ፣ በማጃንግ፣ በኢሉባቦርና በጅማ እርጥበታማ ደኖች ውስጥ ጥናት ለማካሄድ ለሚዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎችና የልማት ድርጅት ሠራተኞች የተጻፈ ነው። በእነዚህ ደኖች ውስጥ አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ንቦች በገተማና በብሳና አበባ ላይ ይውላሉ፤ ኮረሪማና ጥምዝ ከዛፎቹ ሥር ይለቀማሉ። የአካባቢው ቤተሰብ ጨው፣ ልብስ፣ የልጆች ደብተርና መድኃኒት የሚገዛው በአብዛኛው ከእነዚሁ ምርቶች በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስለ ደኑ የሚጠና ጥናት ሁሉ፣ ተመራማሪው አሰበውም አላሰበውም፣ የሰው ኑሮ ውስጥ ይገባል።

የአገራችን የቡና ምርምር ታሪክ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ በጅማ መልኮ የምርምር ጣቢያ የነበሩ ተመራማሪዎች በሽታውን ተቋቁመው ፍሬ የሰጡ እናት ዛፎችን ፍለጋ ቡና አብቃይ አካባቢዎችን አሰሱ። ከመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከሚባለው ቦታ የተመረጡት 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ በሽታው ማሳውን ያራቆተበት ገበሬ ችግኛቸውን ተክሎ ኑሮውን መልሶ አቋቁሟል። ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የሰበሰበው የቡና ዘር ወደ ኮስታሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተልኮ ተተከለ፤ ከዚያ ስብስብ ወደ ብራዚል ከተሻገሩት ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች መገኘታቸውን የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ አደረጉ። ዘሩ በተሰበሰበበት ዘመን የማኅበረሰቡን ድርሻ የሚወስን ሕግም ሆነ ስምምነት አልነበረም።

በሁለቱም መንገዶች የተሠራው ሳይንስ ጠንካራ ነው። ልዩነታቸው ጥያቄው ከማን ችግር እንደ ተነሣና መልሱ ወደ ማን እንደ ተመለሰ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያተኩሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ ጥያቄው፣ ገንዘቡና መረጃው የማን እንደሆኑ የመጀመሪያው መጠይቅ ከመሞላቱ በፊት ይወሰን።

አንደኛ፦ ደኑ የማን እንደሆነ ያጣሩ

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ዓይነት ይዞታ ያውቃል። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲጠይቁ በአብዛኛው የሚያገኙት መልስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ሥር የሆነ፣ ማለትም ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር የሚያስተዳድሩት ደን ከሆነ ደግሞ ማኅበሩና ወረዳው የተፈራረሙት ስምምነትና የደን አስተዳደር ዕቅድ ይኖራል። ሁለቱንም ሰነዶች ጠይቀው ያንብቡ።

ሰነዱ ግን ሙሉውን ነገር አይናገርም። በካፋና በሸካ ኮቦ የሚባል ነባር ይዞታ አለ፤ አንድ ቤተሰብ ወይም ጎሣ በተወሰነ የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና ምርት የመሰብሰብ መብት አለው፣ ወሰኑም በጅረት፣ በሸንተረርና በታወቁ ዛፎች ይለያል። ጉዶ የሚባሉ፣ ለጸሎትና ለሥርዓት የተከበሩ፣ እንጨት የማይቆረጥባቸው ቦታዎችም አሉ። ስለዚህ ከሽማግሌዎችና ከቀፎ ባለቤቶች ጋር ደኑን በእግር ይዙሩ፤ በመንግሥት ሰነድ ያለውን ወሰን በአንድ ካርታ፣ ነዋሪው የሚያውቀውን ወሰን በሌላ ካርታ ያስፍሩ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ካለ የናሙና ሥፍራዎን እዚያ ላይ አያድርጉ፤ በምርምር ስም የሚተከል ምልክት ወይም የሚቀባ ቀለም የአንዱን ወገን ይገባኛል ባይነት ሊያጠናክር ይችላልና።

በዚሁ ጊዜ ከስብሰባ የሚቀሩትን ሰዎች ይፈልጉ። በካፋና በአጎራባች አካባቢዎች የማንጃ ማኅበረሰብ አባላት ለረጅም ጊዜ በማዕድና በጋብቻ ተገልለው የኖሩ፣ ኑሯቸውም ከማንም በላይ በማገዶ፣ በከሰልና በሌላ የደን ምርት ላይ የተመሠረተ ነው። በ1977 ድርቅ ከወሎና ከትግራይ መጥተው የሠፈሩ ቤተሰቦችና ልጆቻቸውም የኮቦ መብት የላቸውም። ኮረሪማ የሚለቅሙና እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ደግሞ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚገኙት ብዙ ጊዜ በባሎቻቸው ስም ነው። ሊቀ መንበሩ ያመጣልዎት የስም ዝርዝር እነዚህን ሰዎች ካልያዘ ጥናትዎ የሚመዝነው የባለመብቶችን ኑሮ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ጥያቄውን ከቤተሰቡ የወር አቆጣጠርና ኪስ ያውጡ

ይህ ደረጃ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ በተግባር ግን ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው። ተመራማሪው በቢሮ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ማኅበረሰቡ አይቃወምም፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ «ጥሩ ነው» ብሎ ይቀበላል። ያን ቃል እንደ ስምምነት መቁጠር አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት መሬት ላይ በዱላ አስምረው፣ በየወሩ ምን ሥራ እንዳለ፣ ምን ገንዘብ እንደሚገባ፣ ምን ወጪ እንደሚወጣና እህል በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በቡና ፍሬ ቁልል እንዲያሳዩ ይጠይቁ። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና ከላይ የተጠቀሱት የተገለሉ ቡድኖች ለየብቻ ያድርጉት፤ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ ቁልሎቹ የሚለያዩበትን ወር ይዘው «ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

ምሳሌ ልጥቀስ። የቡና ጥራት እንዲሻሻል ለሚፈልግ ተመራማሪ የተለመደው ምክር «ቀይ ፍሬ ብቻ ልቀሙ» የሚል ነው። የወር አቆጣጠሩ ሲሠራ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቤተሰቡ እህል ስለሚያልቅበት ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና አስይዞ ከነጋዴ እንደሚበደር፣ ጥቅምት ሲገባም አበዳሪው እንዳይቀድመው ወይም ሌባ እንዳይለቅምበት አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አብሮ እንደሚያወርድ ይታይ ይሆናል። እንዲህ በሆነበት ቀበሌ ለቤተሰቡ ስለ ቀይ ፍሬ ጥቅም ማስተማር የሚያውቀውን መልሶ መንገር ነው። ጥያቄው «ጥራት እንዴት ይሻሻላል?» ከሚለው ተነሥቶ «ቤተሰቡ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ እንዲታገሥ የሚያስችለው የአጭር ጊዜ ብድር በምን ያህል መጠን፣ በማን በኩልና በምን ዋስትና ቢሰጥ ነው?» ወደሚለው ይዞራል። ይህ ጥያቄ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን፣ የቁጠባና ብድር ተቋምንና የቡና ጥራት ባለሙያን በአንድነት ያሰባስባል፤ ምላሹም በአንድ ወይም በሁለት የቡና ወቅት ውስጥ ሊታወቅ ይችላል።

ማኅበረሰቡ ያላነሣውን ጥያቄ ተመራማሪው ማምጣት አይችልም ማለት ግን አይደለም። የለንደኑ የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ተቋምና የኢትዮጵያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚመረትበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን የሚመስል መረጃ የያዘ ሰው ዝም ማለት የለበትም። አቀራረቡ ግን ሰዎቹ ከሚያውቁት መነሣት አለበት፦ አበባ የሚያስፈነዳው የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ በአባቶቻቸው ዘመን እንዴት ነበር፣ አሁንስ ምን ይመስላል፣ በደረቅ ዓመት የትኛው የደኑ ክፍል ምርት ሰጠ? ከዚያ በኋላ የጥናቱ ትንበያ ትርጉም ያገኛል።

ከቀረቡት ጥያቄዎች ለመምረጥ ሦስት መስፈርቶች ይበቃሉ። መልሱ ቤተሰቡ ከውጭ ዕርዳታ ሳይጠብቅ ሊሠራበት የሚችል ይሁን፤ ውጤቱ ሰዎቹ ተስፋ ሳይቆርጡ የሚታይበት ጊዜ ቅርብ ይሁን፤ ገቢው ሲጨምር ደኑን የሚያሳሳ እንዳይሆን የሚለካ ነገር አብሮ ይኑረው። ሦስተኛውን ወደ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፦ ሥራውን የሚችሉ ተቋማትን ያገናኙ

ለቡና ዝርያና በሽታ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ለቅምሻና ለጥራት የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ለማርና ለንብ የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል፣ ለኮረሪማና ለሌሎች ቅመሞች የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል የዓመታት ልምድ አላቸው። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለቦታው ቅርብ ከመሆናቸውም በላይ ቋንቋውን የሚናገሩ ተማሪዎች አሏቸው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከ2002 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በቦን ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ማዕከልና በኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት መካከል የተካሄደው የደን ቡና ጥናት የዕፅዋት ሥነ ምኅዳርን፣ የቡናን ዘረመልንና ኢኮኖሚን አጣምሮ ለዓመታት ስለ ቀጠለ፣ በኢሉባቦር የሚገኘው ያዩና ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው ሲመዘገቡ የሚያገለግል ዕውቀት ሊያበረክት ችሏል። በሁለት ዓመት የማስተርስ ጥናት ይህን ማድረግ አይቻልም። ተማሪ ከሆኑ የራስዎን አዲስ አጋርነት ከመጀመር ይልቅ አስቀድሞ ባለ አጋርነት ውስጥ አንዱን ጥያቄ ቢወስዱ ለማኅበረሰቡም ለእርስዎም ይበጃል።

ገዢን ደግሞ ከመጀመሪያው ያስገቡ። በያዩ የኪው ተቋም፣ የአካባቢና የቡና ደን ፎረም የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅትና አንድ የእንግሊዝ ቡና ቆዪ ድርጅት ከአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሲሠሩ ገዢው በጥራት ሥልጠናው ጊዜም አብሮ ነበር። ገዢ የሌለበት የጥራት ጥናት ገበሬውን ተጨማሪ ሥራ አሠርቶ ያንኑ የቀድሞውን ዋጋ ያስገኝለታል።

አራተኛ፦ ፈቃድ ይጠይቁ

የድጋፍ ደብዳቤ ከተቋምዎ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማረጋገጫም አስፈላጊ ነው። ደብዳቤው የሚያሳየው መንግሥት እንደማይከለክልዎት እንጂ ማኅበረሰቡ እንደ ፈቀደልዎት አይደለም።

የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንበብ ግዴታ ነው፤ «አርክቦት» ማለት ሀብቱን ወይም ዕውቀቱን ማግኘትና መጠቀም ነው። ለቅምሻ የሚሆን ማር ወይም ቡና ከገበያ መግዛትና ዘር፣ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ ወይም የንብ ናሙና ለዘረመል ምርመራ መውሰድ በሕጉ ዓይን የተለያዩ ናቸው። ለሁለተኛው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ወይም ስለ ሌላ ነባር ዕውቀት የሚጠይቁ ከሆነ የባለዕውቀቱ ማኅበረሰብ ቅድሚያ አውቆ መፍቀድ አለበት፣ ያለ መፍቀድም መብት አለው። መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብቱ አጠቃቀም በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ 50 በመቶው የማኅበረሰቡ እንደሆነ አዋጁ ይደነግጋል። የውጭ አገር አጋር ካለዎት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለውን የናጎያ ፕሮቶኮል (ከጄኔቲክ ሀብት የሚገኝ ጥቅምን ስለ መጋራት የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት) በየአገሩ ሕግ የማክበር ግዴታ እንዳለበት አስቀድመው ያሳውቁት።

ፈቃዱ የሚጠየቀው ሰዎቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ነው፤ በካፊኖኖ፣ በሸኪኖኖ፣ በማጃንግ ቋንቋ ወይም በአፋን ኦሮሞ። አስተርጓሚው የቀበሌው ሊቀ መንበር ባይሆን ይመረጣል። መልሱን በዚያው ቀን አይጠይቁ፤ ሰዎች በየቤታቸው፣ በዕድራቸውና በማኅበራቸው ተማክረው እንዲመለሱ ጊዜ ይስጡ። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የጣት አሻራ ከማስቀመጥ ይልቅ እነሱ በመረጧቸው ምስክሮች ፊት በቃል የተሰጠ ፈቃድ በቃለ ጉባኤ ቢያዝ የተሻለ ይከበራል።

አምስተኛ፦ ስምምነቱን ይጻፉ

የመግባቢያ ሰነዱ ከሦስትና ከአራት ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በጉባኤ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። በውስጡ መኖር ያለባቸው ነገሮች ብዙ ባይሆኑም እያንዳንዳቸው በግልጽ መጻፍ አለባቸው።

በጀቱ ይነበብ። ጠቅላላው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለተሽከርካሪና ለውሎ አበል ምን እንደሚወጣ፣ ቀበሌው ውስጥ ምን እንደሚቀር ሰዎቹ ይወቁ። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ቢያንስ አንድ አሥረኛው ውጤትን ለመመለስና ጥናቱ ካለቀ በኋላ ለሚደረግ ክትትል ከመጀመሪያው ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ ያ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነውና። ለቃለ መጠይቅ ጊዜያቸውን የሚሰጡ ሰዎች የቀን ሥራ ዋጋ ያህል ይከፈላቸው፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ጨርሶ አይጠሩ።

የመረጃው ባለቤትነት ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ አሳሳቢ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፣ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛም በሳተላይት መለኪያ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ወሰኑ በሙሉ መለካት አለበት። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም ላኪዎች መረጃውን ከወዲሁ ይፈልጉታል። ስለዚህ ለጥናት ብለው የለኩት የአንድ ገበሬ የደን ቡና ወሰን ገንዘብ የሚያወጣ መረጃ ነው፤ በተሳሳተ እጅ ከገባ ደግሞ ገበሬውን ከገበያ ሊያስወጣው ወይም በይዞታው ላይ ክርክር ሊያስነሣበት ይችላል። በስምምነቱ ውስጥ የእያንዳንዱ ማሳ መለኪያ ቅጂ ለባለማሳው እንደሚሰጥ፣ የሁሉም ስብስብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ እጅ እንደሚቀመጥ፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን እንደማይተላለፍ ይጻፍ። ማኅበሩ ይህንኑ መረጃ ተጠቅሞ ከላኪ ጋር በቀጥታ ሊደራደር ይችላል፤ ይህ ራሱ አንድ የኑሮ ድጋፍ ነው።

የጉዶ ቦታዎች መገኛ፣ የመድኃኒት አዋቂዎች ስምና ያልተለመዱ ዕፅዋት የሚገኙበት ትክክለኛ ሥፍራ በማንኛውም ኅትመት ላይ እንዳይወጣ ይስማሙ። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የት እንደሚቀመጥና ለሌላ ተቋም ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ ይገለጽ፤ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ ዘር በማን እጅ ዞሮ የት እንደ ደረሰ ያየ ሰው ይህን አንቀጽ አያቃልለውም። አለመግባባት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚያዩት የትኞቹ ሽማግሌዎች እንደሆኑ፣ ቀጥሎ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚሄድም ይወሰን። ማኅበረሰቡ በመሀል «ይብቃን» የማለት መብት እንዳለውም በግልጽ ይስፈር።

ስድስተኛ፦ ሥራውን አብረው ይሥሩ

ከየመንደሩ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች፣ ወንድም ሴትም፣ በጉባኤ ተመርጠው ይሠልጥኑ፤ ከከተማ ለሚመጣ መረጃ ሰብሳቢ የሚከፈለው ይከፈላቸው። የዛፍን ስም በአካባቢው ቋንቋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅም ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል።

የሙከራው ንድፍ ቀላል ይሁን። የቡና ማድረቅን ለማጥናት አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን የለቀመውን ቀይ ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ ግማሹን እንደ ልማዱ እንዲያደርቅ ማድረግ ይቻላል፤ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ጀንፈሉ ተመዝኖ ለቅምሻ ይላካል። በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መለኪያ የሥራ ሰዓት ነው። ፍሬውን የሚያገላብጠው፣ ከዝናብና ከጤዛ የሚሸፍነው፣ ብልሹውን የሚለቅመው ማን ነው? ሴቶችና ልጆች ከሆኑ፣ ዋጋው የጨመረው በእነሱ ድካም እንደሆነና ገንዘቡ እጃቸው ይግባ አይግባ መመዝገብ አለበት። ተጨማሪው ዋጋ ተጨማሪውን ሥራ የማይከፍል ሆኖ ከተገኘ እንደዚያው ይጻፍ።

ለማር ደግሞ ዋናው ችግር እርጥበት ነው። ዝናባማ በሆነው ደቡብ ምዕራብ፣ ንቦቹ ገና ሳያሽጉት የሚቆረጥ ማር ከዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ወሰን፣ ማለትም ከ20 በመቶ፣ በላይ እርጥበት ሊይዝና ቶሎ ሊቦካ ይችላል። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው ትንሽ መለኪያ በመሰብሰቢያው ጣቢያ ቢኖርና የታሸገው የማር እንጀራ ካልታሸገው ተለይቶ ቢለካ፣ ልዩነቱን አምራቹ በዓይኑ ያየዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የገባችው የኬሚካል ቅሪት ክትትል ዕቅዷ ተቀባይነት በማግኘቱ ነው፤ የላቦራቶሪ ሥራ በቀጥታ ገበያ እንደሚከፍት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከፍ ባለ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ የወንዶች ሥራ ሆኖ ስለ ኖረ፣ በደጅ የሚቀመጥ የሽግግር ቀፎን መሞከር ሴቶችን ወደ ገቢው ያስገባል።

የኪሣራውን ሥጋት ተመራማሪው ይሸከም። ሙከራው ምርት ካበላሸ በገበያ ዋጋ እንደሚካስ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፤ የቤተሰቡን ሙሉ ምርት የሚያስገባ ሙከራም አይደረግ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ እመለሳለሁ። ቡና ዋጋ ሲያገኝ ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦና ችግኝ ይመነጥራል፤ የደን ቡናው ወደ ከፊል የደን ቡና ይለወጣል። ከላይ ሲታይ ትላልቆቹ ዛፎች ቆመዋልና ደኑ ያለ ይመስላል፤ ተተኪ ችግኝ ስለሌለ ግን እነዚያ ዛፎች ሲያረጁ ቦታቸውን የሚይዝ አይኖርም። በቦንጋና በያዩ የተደረጉ ጥናቶች ይህንን ደጋግመው አሳይተዋል። የተሻሻሉ ዝርያዎችን ወደ ደን ውስጥ መትከልም የዱር ቡናውን የዘር ልዩነት ያመናምናል፤ 74110 በጓሮና በማሳ ላይ ትልቅ ባለውለታ ቢሆንም ቦታው ደን ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ገቢን የሚለካ ጥናት ሁሉ ቋሚ የናሙና ሥፍራዎች ይኑሩት፤ በየዓመቱ በአንድ ወር ውስጥ የቀረሮ፣ የዋንዛ፣ የጥቁር እንጨትና የሌሎች ዛፎች ችግኝ ይቆጠር። በጅማ ዞን በለጠ ጌራ ደን ውስጥ የደን ቡና ምስክር ወረቀት ያገኙ ቦታዎች ካላገኙት ያነሰ እንደ ተመነጠሩ የጃፓን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል መርምረው አሳይተዋል፤ ገቢና ጥበቃ ሊደጋገፉ እንደሚችሉ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው።

ሰባተኛ፦ ውጤቱን ከመታተሙ በፊት ይመልሱ

የትንተናው ረቂቅ እንደ ተዘጋጀ ወደ መንደሩ ይመለሱ። ቁጥሮቹን በትልቅ ወረቀት ላይ በሥዕል ያሳዩ፤ የቡና ጥናት ከሆነ ገበሬዎቹ የራሳቸውን ሁለት ናሙና ጎን ለጎን አፍልተው እንዲቀምሱ ያድርጉ። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያመረቱ ሰዎች ገዢው የሚቀምሰውን ልዩነት ሲቀምሱ የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ የጥናቱን ትርጓሜ ያስተካክላል፤ «ያ ዓመት በረዶ መትቶን ነበር» የሚል አንድ ቃል ሠንጠረዡ ያልያዘውን ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። የተነሣውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዙ፣ ካልተስማሙም አለመስማማታቸው በኅትመቱ ላይ ይጠቀስ።

የእያንዳንዱ ቤተሰብ ውጤት ለራሱ ብቻ ይሰጥ። አጠቃላዩ ውጤት ደግሞ በአካባቢው ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለማኅበሩ፣ ለቀበሌው፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለትምህርት ቤቱ ይድረስ፤ ማንበብ ለማይችለው በአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይነገር። በሥራው ጉልህ ድርሻ የነበራቸው የመንደሩ ሰዎች ከፈቀዱ በጸሐፊነት ስማቸው ይግባ።

ስምንተኛ፦ አወጣጥዎን ያዘጋጁ

የመጨረሻው ርክክብ በጉባኤ ፊት ይደረግ። የሚረከቡት ነገሮች የእርጥበት መለኪያውና ሚዛኑ፣ የማድረቂያ አልጋዎቹ፣ የማሳ ካርታዎቹ፣ የቋሚ ናሙና ሥፍራዎቹ መዝገብና የመጨረሻው የሒሳብ መግለጫ ናቸው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ማን እንደሚይዘው፣ ሲበላሽ የት እንደሚጠገን፣ የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ ይጻፍ፤ ማኅበሩ በኪሎ ከሚሰበስበው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለዚሁ ቢያስቀር በቂ ሊሆን ይችላል። ከጥናቱ በኋላ የሚደረጉት ሁለት የክትትል ጉብኝቶች፣ አንዱ ከሚቀጥለው የቡና ሽያጭ በኋላ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት በችግኝ ቆጠራ ወቅት፣ ቀናቸው ተቆርጦ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ፤ ወጪያቸውም አስቀድሞ ከተለየው አንድ አሥረኛ ይሸፈን። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ተመርቆ ከሄደ ጉብኝቱን የሚያደርገው አማካሪው ወይም ተቋሙ ስለሆነ፣ ሰነዱ ላይ የሚፈርመው ተማሪው ብቻ አይሁን።